ከወደቅኩ በኋላ ሞተር ላይ እንዴት እንደተመለስኩ

ባለፈው ክረምት ባህር ዳር ውስጥ ዝናብ የመታው ኮብልስቶን ላይ አንድ ባጃጅ ድንገት ታጠፈብኝና የፊት ፍሬኑን አንቄ ስይዘው ተዘረርኩ፣ ከዛ ጀሶ ለሁለት ወር። እጄ ዳነ፣ ፍርሃቱ ግን ወይ ፍንክች። ሞተሯን አስነስቼ ገና ከሰፈር ሳልወጣ ትከሻዬ ድርቅ ይላል፣ ባጃጅ ካየሁ ደግሞ አይኔ እሱ ላይ ተተክሎ ይቀራል፣ ለካ ችግሩም እሱ ነበር፣ ሞተር አይንህ ወዳለበት ነው የሚሄደው!

መጀመሪያ ጎሚስታ ጋ ሄጄ ነፋስ አስለካሁ፣ የፊት ጎማው ጥርሱ አልቆ ስለነበር ቀየርኩት (ይሄን ሳላይ ስንት ጊዜ እራሴን ስሰድብ ከረምኩ መሰላችሁ)። ከዛ ለ4 እሁድ ጠዋት ጠዋት ባዶ ሜዳ ላይ ፍሬን ብቻ ተለማመድኩ። በ20 እየሄድኩ የፊቱን እንደ ሎሚ ቀስ አድርጌ መጭመቅ፣ የኋላውን አብሮ መርገጥ፣ ከዛ 30፣ ከዛ 40። ብዙ ሰው የፊቱን ፈርቶ የኋላውን ብቻ ይረግጣል ግን ደረቅ መንገድ ላይ በደንብ የሚያቆመው የፊቱ ነው፣ እኔን የጣለኝ ድንገት አንቄ መያዜ ነው። ሁለት ባዶ ሃይላንድ አፈር ሞልቼ አቆምኩና በመሀላቸው በስምንት ቅርፅ ዞርኩ፣ አይኔን ሃይላንዱ ላይ ሳይሆን መውጫው ላይ አድርጌ፣ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ይዤ። 3ኛው እሁድ ላይ ትከሻዬ ለቀቀ።

ባለፈው ሳምንት ብቻዬን ጢስ አባይ ደርሼ መጣሁ። ዝናብ ካለ ግን አሁንም ኮብልስቶን ላይ በ1ኛ ማርሽ ነኝ፣ የሚስቅ ይሳቅ።