የአይጥ ሬትሮቫይረስን በሰው ደም ስትፈልጉ፦ የአይጥ ዲኤንኤን ከቲዩብ ማራቅ

መኸር ሲሰበሰብ የሰሜን ሸዋ አይጥ ከገብስ ማሳ ወደ ጎተራና ወደ ጓዳ ይገባል። ገበሬው ከአይጥ ቫይረስ ይዞት እንደሆነ ለማወቅ በደብረ ብርሃን ወይም በመሐል ሜዳ ደም የምትሰበስቡ ሁሉ ይህን አስቀድማችሁ እወቁ፦ እያንዳንዱ የአይጥ ሕዋስ በዘር የወረሳቸውን የሬትሮቫይረስ (ዘሩን በሕዋሱ ዲኤንኤ ውስጥ የሚያስገባ ቫይረስ) ቅጂዎች በብዛት ይዟል። አንዲት ሕዋስ ቲዩብ ውስጥ ከገባች ፒሲአሩ (ጥቂት ዲኤንኤን አባዝቶ የሚያሳየው ምርመራ) «ቫይረስ አለ» ይላል።

ኤክስኤምአርቪ በተባለው ከአይጥ በመጣ ሬትሮቫይረስ የሆነው ከዚህ ብዙ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ2006 በፕሮስቴት ካንሰር ዕጢ፣ በ2009 ደግሞ ሥር የሰደደ የድካም ሕመም ካለባቸው 101 ሰዎች በ67 በመቶው ደም ተገኘ ተባለ። በኋላ ሲጣራ፣ ቫይረሱ የተፈጠረው ከ1993 እስከ 1996 ባለው ጊዜ የሰው ዕጢ በላብራቶሪ ከአይጥ ወደ አይጥ እየተዛወረ ሲያድግ፣ ሁለት የአይጥ ቫይረሶች ተዳቅለው ነበር። የ2009ኙን ግኝት ያወጣው ጽሑፍ በ2011 ተሰረዘ። በ2012 ማንነታቸው በቁጥር ተሸፍኖ ከተመረመሩ 147 ታማሚዎችና 146 ጤነኞች አንድም አልተገኘበትም። በመሐሉ ግን ቫይረሱ አለብን ብለው የኤችአይቪ መድኃኒት መውሰድ የጀመሩ ታማሚዎች ነበሩ። ጥንቃቄው ለእነሱ ዓይነቶቹ ሰዎች ነው።

ከእያንዳንዱ ሰው 5 ሚሊ ሊትር ደም ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ኢዲቲኤ ባለባቸው ሁለት የፕላስቲክ ቲዩቦች ውሰዱ። ሌላው የደም ማርጊያ መከላከያ ሄፓሪን ፒሲአርን ስለሚያግድ አይሆንም። አንደኛው ለሥራ ነው፤ ሁለተኛው ሳይከፈት በ−80 ዲግሪ ይቀመጥ።

ሦስት ክፍል ያስፈልጋል፦ የፒሲአር ድብልቅ የሚዘጋጅበት፣ ዲኤንኤ የሚወጣበት፣ ማሽኑ ያለበት። ጉዞው ከመጀመሪያው ወደ መጨረሻው ብቻ ነው፤ ፒፔትና ጋውን ወደኋላ አይመለሱም። የተጠመደ አይጥ የሚቀደደው በሌላ ሕንፃ ነው፤ አይጥ የነካ ሰው በዚያ ቀን ድብልቅ አያዘጋጅም። መጋዘን ውስጥ አይጥ የቦረቦረውን የቲዩብ ካርቶን ሳታመነቱ ጣሉት።

አውቶክሌቭ (በግፊት እንፋሎት ዕቃ የሚያመክነው ማሽን) ጀርም ይገድላል እንጂ ዲኤንኤን ጨርሶ አያጠፋም። ስለዚህ ጠረጴዛና መደርደሪያ 1 እጅ በረኪና ከ9 እጅ ውሃ ጋር በየዕለቱ እየተበጠበጠ ለ10 ደቂቃ ይረጠብ፤ ከዚያ ብረቱን እንዳይበላው በውሃ ይጠረግ። የዲኤንኤ ማውጫው ፈሳሽ ጓኒዲን የተባለ ኬሚካል ካለው በረኪና አይጨመርበት፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል።

በፒሲአር ዲኤንኤውን የሚያባዛውን ኤንዛይም፣ ታክ ፖሊመሬዝን፣ መርምሩ። አንዳንዱ ታክ ፖሊመሬዝ እስኪሞቅ የሚታገደው ከአይጥ በተገኘ አንቲቦዲ ስለሆነ የአይጥ ዲኤንኤ ይዞ ሊመጣ ይችላል። በኬሚካል የሚታገደውን ምረጡ።

ብዙ ጊዜ የሚናቀው የውሃ ቲዩብ ነው፤ ይህም ብክለት መኖሩን ለማየት በደም ፈንታ ውሃ ብቻ ይዞ የሚመረመር ቲዩብ ነው። ብክለቱ ከ20 ቲዩብ አንዱን ብቻ የሚነካ ከሆነ፣ አንድ የውሃ ቲዩብ በ95 በመቶ ዕድል ንጹሕ ሆኖ ይወጣና ያታልላችኋል። 20 የውሃ ቲዩብ ቢኖርም ብክለቱ ሳይታይ የማለፍ ዕድሉ 36 በመቶ ነው። ስለዚህ ውሃው በናሙናዎቹ ቁጥር ልክ ይሁን፤ ከዲኤንኤ ማውጣት ጀምሮ በናሙናዎቹ መካከል ተሰባጥሮ ይሠራ።

ለእያንዳንዱ ናሙና አይኤፒ የሚባለውን የአይጥ ዲኤንኤ ክፍል የሚፈልግ ፒሲአር ጨምሩ። ይህ ክፍል በአይጥ ጂኖም ውስጥ ከሺህ በላይ ቅጂ ስላለው ከአንዲት ሕዋስ ያነሰ ብክለትም ያሳያል። አይኤፒ ከተገኘ የቫይረሱ ውጤት ውድቅ ነው። አይኤፒ ጠፋ ማለት ግን ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፦ 22አርቪ1 የተባለው የላብራቶሪ ሕዋስ የሰው ሆኖ ኤክስኤምአርቪን በብዛት ያመርታል፤ ከእሱ የመጣ ብክለት አይኤፒ አያሳይም። ይህ ሕዋስ ላብራቶሪያችሁ አይግባ። አወንታዊ መቆጣጠሪያ (ፒሲአሩ እንደሚሠራ ማሳያ) የምታደርጉት ፕላዝሚድም (የቫይረሱን ክፍል የያዘ ክብ ዲኤንኤ) ሆን ተብሎ የተለወጠ ፊደል ይኑረው፤ ቅደም ተከተሉ ሲነበብ ከእሱ የፈሰሰ ብክለት ወዲያው ይለያል።

ይህን ሁሉ ያለፈ ናሙና ከተገኘ፣ ቫይረሱ ከሰው ክሮሞዞም ጋር የተጋጠመበትን ቦታ አንብቡ፤ የደሙንም አንቲቦዲ መርምሩ። ያልተከፈተውን ቲዩብ ከጤነኛ ሰዎች ናሙና ጋር በቁጥር ብቻ ሰይማችሁ ለሌላ ላብራቶሪ ስጡ። የዚያ ላብራቶሪ ውጤት እስኪገጥም ለገበሬውም ሆነ ለጤና ኬላው «ቫይረስ አለ» የሚል ቃል አይነገር።