ደች ሃርበር ለዓሣ ሥራ ከመብረራችሁ በፊት

ባለፈው ሳምንት ብቻ አራት ሰው ደወለልኝ። አራቱም ሲያትል ከገቡ ገና ዓመት ያልሞላቸው ናቸው። የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ «አላስካ በሦስት ወር ስንት ይገኛል?» አንዳቸውም «ውሉ ምን ይላል?» አላሉኝም። ስለዚህ መልሱን አንዴ ልጻፈው።

መጀመሪያ ቦታውን እንወቅ። ደች ሃርበር የምንለው ወደብ ኡናላስካ በምትባል ከተማ ውስጥ ነው ያለው፣ አሉሺያን ደሴቶች ላይ። ከአንኮሬጅ 800 ማይል ገደማ ይርቃል። ነዋሪው በ2020 ቆጠራ ወደ 4,250 ሰው ነበር። በሚራገፈው ዓሣ ብዛት ግን ከ20 ዓመት በላይ ከአሜሪካ ወደቦች ሁሉ አንደኛ ነው። ዛፍ የለም ማለት ይቻላል። ነፋስ አለ። ጥር ላይ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት አልፎ ነው።

ዋናው ዓሣ ፖሎክ ይባላል። የክረምቱ ወቅት ጃንዋሪ 20 ይከፈታል፣ የበጋው ጁን 10። ጥምቀት ብዙውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ስለሚውል ታቦት ሸኝቶ መብረር አይቻልም። በዓሉን እዚያው ማደሪያ ውስጥ ነው የምታሳልፉት። ይህን ቀድማችሁ ለቤተሰብ ንገሩ። በክረምቱ ዓሣው እንቁላል ስለሚይዝ ሥራው ከባድ ነው፤ እንቁላሉ ለብቻው ይወጣል፣ ሥጋው ፊሌ ወይም ሱሪሚ ይሆናል። ሱሪሚ ማለት ያ ሱፐርማርኬት ውስጥ የክራብ ሥጋ መስሎ የሚሸጠው ነው።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። የአላስካ ዝቅተኛ ክፍያ ከጁላይ 2025 ጀምሮ በሰዓት 13 ዶላር ነው፤ በጁላይ 2026 14 ይሆናል። መሬት ላይ ባለ ፋብሪካ በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ የሠራችሁት በአንድ ተኩል ይታሰባል። 12 ሰዓት የሠራ ሰው የ14 ሰዓት ያገኛል ማለት ነው። መርከብ ላይ ያለ ፋብሪካ ግን ሕጉ ሌላ ነው። እዚያ ብዙ ጊዜ የሚከፈለው በቀን ወይም በድርሻ ነው፤ የኦቨርታይሙ ሕግም ብዙ ጊዜ አይሠራም። «የዓሣ ፋብሪካ» ሲሏችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት ይኼን ይሁን። መሬት ላይ ነው ወይስ ውሃ ላይ?

እና ዓሣ ከሌለ ሰዓት የለም። ጀልባዎቹ በማዕበል ምክንያት ሳይገቡ ሲቀሩ ማደሪያችሁ ተኝታችሁ ትጠብቃላችሁ። የምግብና የማደሪያ ሂሳብ በሚያስከፍል ድርጅት ያ ሂሳብ በእነዚያ ቀናትም ይቆጠራል። በስልክ የሚነገራችሁ ቁጥር ሁልጊዜ የጥሩው ወቅት ቁጥር ነው። የሰውን ልጅ ተስፋ አስቆርጦ ማስቀረት አልፈልግም፤ እኔም በዚያ ገንዘብ ነው እናቴን ያሳከምኩት። ግን ገና ሳይሄዱ ብድር ለሚገቡ ልጆች አዝናለሁ፣ እናደዳለሁም።

አሁን ወደ እኔ ነገር ልምጣ። ይህን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

የመጀመሪያው ክረምቴ ነበር። የካቲት አጋማሽ ላይ ቀኝ እጄ መደንዘዝ ጀመረ። ሌሊት ከእንቅልፍ ያስነሳኝ ነበር፤ ጣቶቼ የሌላ ሰው መሰሉኝ። ለሱፐርቫይዘሬ በአፍ ነገርኩት። «ሁሉም ይደነዝዘዋል፣ ይለቅሃል» አለኝ፣ የሕመም ማስታገሻ ሰጠኝ። ሁለት ሳምንት እንደዚያ ሠራሁ። በኋላ ቢላዋ መጨበጥ አቃተኝ። ቢሮ ሄጄ በተሰባበረ እንግሊዝኛ «ሲያትል ሄጄ መታከም እፈልጋለሁ፣ ወደ ቤቴ ላኩኝ» አልኩ። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። «ለትኬቱ ነው፣ እዚህ ጋ ፈርም» አለችኝ። ፈረምኩ።

ወረቀቱ በገዛ ፈቃዴ ሥራ መልቀቄን የሚገልጽ ነበር።

ውሉን ሳልጨርስ የለቀቅኩ ስለሆነ የመሄጃው ትኬት ከመጨረሻ ቼኬ ተቆረጠ። የመመለሻውን ራሴ ገዛሁ። የወቅት መጨረሻ ቦነሱ ቀረ። አውሮፕላኑ በጭጋግ ሁለት ቀን ሲሰረዝ የሆቴሉም ከኪሴ ነበር። ይህ ሁሉ ግን ቀላሉ ነው። ሲያትል ደርሼ ሐኪም አየኝ፤ የእጅ አንጓ ነርቭ መጨቆን ነው፣ ካርፓል ተነል የሚሉት። የሥራ ላይ ጉዳት ብዬ ሳመለክት የኢንሹራንሱ መልስ በሁለት መስመር መጣ። ስለ ጉዳት የተመዘገበ ነገር የለም፣ ሠራተኛው በግል ምክንያት ለቋል። ለሱፐርቫይዘሩ ነግሬዋለሁ ብል የሚያስረዳልኝ ማን አለ? ጠበቃ ይዤ ስምንት ወር ፈጀ። ሕክምናው ተሸፈነልኝ፣ ሥራ ያጣሁበት ጊዜ ግን አልተከፈለኝም።

በአላስካ ሕግ መሬት ላይ የሚሠራ ሰው ከተጎዳ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። በጽሑፍ። ለሱፐርቫይዘር በአፍ መንገር ብቻውን በቂ ነው ብላችሁ አትተኙ። መርከብ ላይ የምትሠሩ ደግሞ የባሕር ሠራተኛ ሕግ ነው የሚመለከታችሁ፤ መንገዱ ይለያል፣ መመዝገቡ ግን ያው ነው። እጃችሁ በደነዘዘ በመጀመሪያው ሳምንት ቢሮ ሂዱና «ወርክ ኢንጁሪ» በሉ፣ የሥራ ላይ ጉዳት ማለት ነው። ይህን ቃል በእንግሊዝኛ ያዙት። «ዶክተር ማየት እፈልጋለሁ» በሉ። «ወደ ቤት መሄድ እፈልጋለሁ» አትበሉ። የመጀመሪያው የታካሚ ቃል ነው፣ ሁለተኛው የለቃቂ። ፎርም ስትሞሉ ቅጂውን ተቀበሉ፤ ከከለከሏችሁ በስልክ ፎቶ አንሱት። አስተርጓሚ ጠይቁ። ሳይገባችሁ ለትኬትም ይሁን ለምንም አትፈርሙ። ከተማው ውስጥ ክሊኒክ አለ፤ የባሰበት ሰው በአውሮፕላን አንኮሬጅ ይወሰዳል።

የቢሮዋን ሴትዮ ለረጅም ጊዜ በልቤ ይዣት ነበር። አሁንም ልክ ሠራች አልልም። የማይናገረውን ቋንቋ በደነዘዘ እጁ የሚፈርም ሰው ፊቷ ቆሞ እያየች ነበር። ግን የእኛ ሰው ወረቀት የማንበብ ስንፍናም ያናድደኛል። ውሉ ከመብረራችሁ ከሳምንት በፊት በኢሜይል ይመጣላችኋል። እንግሊዝኛ የሚችል የአክስት ልጅ የሌለው ማን አለ?

የቀረውን ባጭሩ። የመድኃኒት ምርመራ አለ። ማሪዋና ሲያትልም አላስካም የተፈቀደ ነው፣ ምርመራውን ግን ይጥላችኋል። ጫት ደግሞ በአሜሪካ ሕግ ከነጭራሹ የተከለከለ ነው፤ ሻንጣ ውስጥ እንዳታስቡት። ቤት የቀየራችሁ ከሆነ የኢሚግሬሽን ሕግ አድራሻ በ10 ቀን ውስጥ አሳውቁ ይላል። ይበልጥ ግን ሲያትል የሚመጣውን ፖስታ የሚከፍትላችሁ ታማኝ ሰው ይኑር። አንድ የማውቀው ልጅ ዓሣ ሲያጥብ የአሻራ ቀጠሮው አልፎበታል።

ምግብ ይበቃል፤ ብዙው ሠራተኛ ፊሊፒናዊ ስለሆነ ሩዝ አይጠፋም። ሁዳዴ ከእንቁላሉ ወቅት ጋር ይገጥማል። በብዙዎቹ ማደሪያዎች ክፍል ውስጥ ማብሰል ስለማይፈቀድ ሽሮ ተሸክሞ መሄድ ዋጋ የለውም። በሶና ሚጥሚጣ ያዙ። የሱፍ ካልሲ ከምታስቡት እጥፍ ያዙ። ከተማው ውስጥ በ1890ዎቹ የተሠራ የሩሲያ ኦርቶዶክስ ካቴድራል አለ፣ አረንጓዴ ጉልላት ያለው። ሥርዓቱ የእኛ አይደለም፤ ቢሆንም ከሺፍት ወጥቼ ደጁን ስሜ ስመለስ ቀሎኝ ያውቃል። በበጋ ንስሮች ጎጆ ሲጠብቁ የሰው ጭንቅላት ይመታሉ፤ ምልክት ባለበት መንገድ አትለፉ። የሱናሚ ጡሩምባ ከጮኸ ሳትጠይቁ ወደ ኮረብታ ውጡ። በጁላይ 2020 የከተማው ሰው ወጥቷል።

ዜናም ተከታተሉ፤ ኬዩሲቢ የሚባል የከተማው ሬዲዮ አለ። በ2022 የስኖው ክራብ ወቅት በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ተዘጋ። ባሕሩ ሞቆ ክራቡ አልቆ ነበር። በ2024 ክረምት ደግሞ ኪንግ ኮቭ በምትባል ሌላ የአላስካ ከተማ የሚገኘው ትልቅ የዓሣ ፋብሪካ ሳይከፈት ቀረ። የዓሣ ዋጋ ሲወድቅ መጀመሪያ የሚቀነሰው የእናንተ ሰዓት ነው። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ድርጅቱ ዘንድሮ ስንት ሰው እየቀጠረ እንደሆነ ጠይቁ።

ከአራቱ ደዋዮች አንዱ ሰኞ ይበራል። ቅዳሜ ቤቴ መጣ፣ ቡና አፍልተን ውሉን ገጽ በገጽ አነበብነው። ሁለት ቦታ ላይ አስምረን ለድርጅቱ በኢሜይል ጥያቄ ላክን። ሰዓቱንና የሚያመውን ነገር በየቀኑ የሚጽፍበት ትንሽ ደብተር ሰጠሁት። በሁለት ፌስታል ጠቅልሎ ከካልሲዎቹ መሀል አስገባው።