የቤት ኢንተርኔት ሲቆራረጥ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኢንተርኔቱ በተቋረጠ ቁጥር መርፌ ፈልጎ የራውተሩን የጀርባ ቀዳዳ መጫን ከሁሉም የከፋው ስህተት ነው፤ ብዙ ሰው ግን የሚጀምረው ከዚያ ነው። በቀዳዳው ውስጥ ያለው ቁልፍ ራውተሩን ከፋብሪካ እንደ ወጣ ያደርገዋል። የዋይፋዩ ስምና የይለፍ ቃል ይጠፋሉ፤ በብዙ ራውተሮች ላይ መስመሩ ሲገባ የተሞላው የአገልግሎቱ መለያም (የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል) አብሮ ይሰረዛል። መለያው የተጻፈበት ወረቀት በእጅ ከሌለ፣ አልፎ አልፎ ይቋረጥ የነበረው ኢንተርኔት ቴክኒሻን እስኪመጣ ጭራሹን ይጠፋል። አጥፍቶ ማብራት ካስፈለገ ከሶኬት ነቅለው ግማሽ ደቂቃ ይጠብቁ፤ መልሰው ሰክተው ሁለት ሦስት ደቂቃ ይታገሡ።

ሁለተኛው ስህተት የራውተሩን መብራቶች ሳያዩ መፍረድ ነው። መብራቶቹ በሙሉ ጠፍተው እንደገና ከበሩ ጉዳዩ ብዙውን ጊዜ የኤሌክትሪክ ነው። የመስመሩ መብራት ብቻ ከጠፋ ወይም ብልጭ ድርግም ካለ፣ ከግድግዳው የሚመጣውን የስልክ ገመድና መሰኪያውን ይፈትሹ። ፋይበር ላስገባ ሰው ቀይ መብራት ማለት ብርሃኑ ቤት አልደረሰም ማለት ነው። ፋይበር መስታወት ስለሆነ እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ አይታጠፍም፤ ከሶፋ ኋላ ወይም ከበር ሥር ተጨፍልቆ እንደሆነ ይመልከቱ። መብራቶቹ ሁሉ ደህና ሆነው ጓዳ ያለው ስልክ ብቻ ከተቋረጠ ግን መስመሩ ምንም አልሆነም፤ ዋይፋዩ ጓዳ ድረስ በደንብ አልደረሰም ማለት ነው።

እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ኢንተርኔት የሚጠፋበት ቤት አለ። የኤሌክትሪክ ምጣዱ ሲሰካ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ራውተሩ ጠፍቶ ይነሣል፣ ቤተሰቡም መስመሩን ያማርራል። የሚቋረጥበትን ሰዓት መዝግቦ ከምጣዱ ጋር ማስተያየት ነው። አዳፕተሩ ከተበላሸ ደግሞ ጫፉ ስለገባ ብቻ ማንኛውንም መሰካት ራውተሩን ሊያቃጥል ይችላል። ቮልቱ ከቀድሞው ጋር እኩል፣ አምፔሩም ከቀድሞው የማያንስ መሆን አለበት።

ራውተሩን ቡፌ ውስጥ ማስቀመጥና ዳንቴል ማልበስም የተለመደ ነው። አቧራ እንዳይነካው በሚል የሚደረግ ጥንቃቄ ቢሆንም ሙቀቱን ያፍነዋል። ቡፌው የዋይፋዩን ሞገድም ይጋርዳል። በጎንደር የድንጋይ ቤቶች ይህ ይብሳል፤ ብዙ ራውተሮች ከሚያሰራጯቸው ሁለት ሞገዶች ወፍራም ግድግዳ በተለይ የ5 ጊጋኸርዙን ክፉኛ ያዳክማል። ራቅ ላሉ ክፍሎች የ2.4 ጊጋኸርዙ ይሻላል። ራውተሩንም ከፍ ያለና ገላጣ ቦታ ላይ፣ ከቤቱ መካከል ያድርጉት። ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ከሆነ የጎረቤት ዋይፋይ ስለሚደራረብ የ2.4ን ቻናል (ሞገዱ የሚተላለፍበትን መስመር) በራውተሩ ቅንብር ውስጥ ከ1፣ ከ6 ወይም ከ11 አንዱ ላይ ያድርጉ።

በክረምት ሲያስገመግም የኤሌክትሪኩን ብቻ ነቅሎ መተውም አይበቃም። መብረቅ በመዳብ የስልክ ገመድም ይገባልና ሁለቱንም ይንቀሉ።

ይህ ሁሉ ተፈትሾ መቋረጡ ካልቆመ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም የደንበኞች አገልግሎት፣ 994፣ ይደውሉ። ሲደውሉ ግን «ኢንተርኔት የለም» ብለው አያብቁ፤ የትኛው መብራት፣ ምን ዓይነት ቀለም፣ በስንት ሰዓት እንደ ጠፋ ይንገሯቸው።