ጂፕ እንደ ድሮው ነው ወይስ ወርዷል? ከመፍረድዎ በፊት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

"ጂፕ" ስንል ሁሌ የአንድ ፋብሪካ ምርት ማለታችን አይደለም። ከፍ ያለ፣ አራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና ሁሉ ጂፕ ነው። ላንድክሩዘሩም ጂፕ፣ ፓጃሮውም ጂፕ። ይሄ ያን ያህል የሚያሳፍር ስህተት አይደለም። ቶዮታ ራሱ በ1951 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያወጣውን መኪና "ቶዮታ ጂፕ" ብሎት ነበር። ስሙ የሌላ ሰው ንብረት ሆኖ ሲያስቸግረው ነው በ1954 ላንድክሩዘር ያለው።

የስሙ ባለቤት፣ በ1941 ለጦርነት የተሠራው የዊሊስ መኪና ልጅ፣ ዛሬ በተወዳዳሪዎቹ ተቀድሟል ይባላል። በከፊል እውነት ነው። ችግሩ ብዙ ሰው እዚህ ድምዳሜ ላይ የሚደርሰው በተሳሳተ መንገድ መሆኑ ነው። ተቃራኒውን የሚሉትም እንደዚያው ናቸው።

ጥንካሬንና ጥራትን አንድ ማድረግ

የስህተቶቹ ሁሉ እናት ይቺ ናት። የጂፕ ሞዴል የሆነው ራንግለር ዛሬም ሻንሲ ላይ የተቀመጠ ነው። ከፊትም ከኋላም ወጥ አክስል (ግራና ቀኙን ጎማ የሚያገናኝ አንድ ወጥ ብረት) አለው። ድንጋይ ላይ አንዱ ጎማ ሲሰቀል ሌላው መሬቱን አይለቅም። በዚህ የሚያሳፍረው መኪና ብዙ የለም።

ግን ይሄ የንድፉ ጉዳይ ነው። ጥራት የሚባለው ያ ንድፍ ፋብሪካ ውስጥ እንዴት ተገጣጠመ የሚለው ነው። በሩ ዝናብ ያስገባል? የአሉሚኒየም በሮቹ ማጠፊያ ላይ ቀለሙ ያብጣል? የ2018ቱ ራንግለር ሲወጣ 18 ሺህ ገደማ መኪኖች ተመልሰው ተጠርተዋል። ምክንያቱ ሻንሲው ላይ ያለ የአንድ ብረት መያዣ ብየዳ ነበር። ንድፉ አልተሳሳተም፤ ብየዳው ነው የተበላሸው።

ጠንካራ ማለት ከአደጋ የሚያድን ማለትም አይደለም። እዚያው 2018 ላይ ራንግለር በዩሮ ኤንካፕ የደህንነት ፈተና ያገኘው 1 ኮከብ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ አዲሱ ላንድሮቨር ዲፌንደር በዚያው ፈተና 5 ኮከብ ወሰደ። ዲፌንደር ግን በአስተማማኝነት ስሙ የሚነሳ መኪና አይደለም! አንዱን በአንዱ መለካት እንደማይቻል ከዚህ በላይ ማሳያ የለም።

የምርት ስሙ ላይ ፈርዶ ሞዴሉን መርሳት

ትንሹ ጂፕ ሬኔጌድ መሠራት የጀመረው ጣሊያን፣ ሜልፊ ውስጥ ነው፤ ከፊያት 500ኤክስ ጋር ወንድማማች ነው። ራንግለር የሚሠራው ኦሃዮ፣ ቶሊዶ ነው። ከፊት ካለው ስም በቀር የሚጋሩት ትንሽ ነው። ታዲያ ስለ አንዱ የሰሙትን ቅሬታ ለሌላው መለጠፍ ምን ይሉታል?

ባለቤቶቹም ብዙ ናቸው። ክራይስለር በ1987 ገዛው። በ1998 ጀርመኖቹ መጡ፣ በ2007 የኢንቨስትመንት ኩባንያ ያዘው። በ2009 ኪሳራ ደረሰ፣ ፊያት ገባ። ከ2021 ጀምሮ ደግሞ ስቴላንቲስ ነው። እያንዳንዱ የራሱን ቁጠባ ይዞ መጥቷል። ከ2007 እስከ 2011 የወጣው ራንግለር ላይ የገባው 3.8 ሊትር ሞተር ለቤተሰብ ሚኒቫን የሚውል ነበር። ስለዚህ "ጂፕ ጥሩ ነው?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሲገጥመኝ መጀመሪያ መልሼ የምጠይቀው የትኛው፣ በምን ሞተር፣ የስንት ዓመት እያልኩ ነው።

በድሮው 4.0 መማል

ባለ ስድስት ሲሊንደሩ 4.0 ሞተር ከ1987 እስከ 2006 ሠርቷል። የሚገባውን ክብር አግኝቷል፤ እኔም አልቃወምም። ግን ዛሬ መንገድ ላይ የምናያቸው የተረፉት ናቸው። የወደቁት ብረት ሆነው ቀልጠዋል፣ ማንም አያወራላቸውም። ደግሞ ያ "የማይሞት" ሞተር በ2000 እና በ2001 ምርቶች ላይ "0331" የሚል ቁጥር ያለበት ቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ክፍል) በመሰንጠቅ የታወቀ ነው። ውኃው ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። አሮጌ ጂፕ ሊገዙ ከሆነ የዘይቱን ክዳን ከፍተው ሥሩ ቡና በወተት የሚመስል ነገር መኖር አለመኖሩን ይዩ።

መንቀጥቀጡን በአንድ ዕቃ መሸፈን

በ80 ኪሎ ሜትር እየሄዱ ነው። ፊት ጎማው ትንሽ ጉድጓድ ነካ። ወዲያው መሪው ከእጅዎ ሊያመልጥ እስኪመስል ይንቀጠቀጣል፤ ፍጥነት እስኪቀንሱ አይቆምም። ባለቤቶቹ "የሞት መንቀጥቀጥ" ይሉታል። አንዴ የደረሰበት ሰው አይረሳውም።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ስህተት ይሠራል። አንዱ "የጂፕ በሽታ ነው" ብሎ መኪናውን መሸጥ ነው። የወጥ አክስል ባሕርይ እንጂ የጂፕ ብቻ አይደለም፤ የፎርድ ትልልቅ ፒክአፖችም ያውቁታል። ሁለተኛው፣ በጣም የተለመደው፣ የመሪውን ዳምፐር ቀይሮ "ተፈታ" ማለት ነው። አዲሱ ዳምፐር ለጥቂት ወር ያፍነዋል። የላላው ዕቃ ግን እዚያው እንደላላ ነው።

መፈለጊያው መንገድ ቀላል ነው፤ ሁለት ሰው ይበቃል። ጎማዎቹ መሬት ላይ እንዳሉ፣ ሞተሩ ተነሥቶ፣ አንዱ መሪውን ቶሎ ቶሎ ግራና ቀኝ ያወዛውዛል። ሌላው ከፊት አጎንብሶ ትራክ ባሩን ያያል። ከሻንሲው ወደ አክስሉ አግድም የሚሄደው ብረት ነው። ጫፉ ላይ ያለው ቡሎን ቀዳዳው ውስጥ ከተንቀሳቀሰ፣ ሚሊ ሜትርም ብትሆን፣ ጥፋተኛው ተገኘ ማለት ነው። ካልሆነ ወደ ቴስቲናዎቹ (የመሪው ዘንጎች መጋጠሚያዎች) ይሂዱ። መኪናው ከፍ ተደርጎ ትልልቅ ጎማ ከገባለት ደግሞ ፋብሪካውን ከመክሰስ በፊት ከፍ ያደረገውን ሰው መጠየቅ ይሻላል።

ዘይት ሲያዩ ካምቢዮ ማውረድ

ከ2012 ጀምሮ ራንግለር ላይ የገባው 3.6 ፔንታስታር ጥሩ ሞተር ነው። አንድ ነገሩ ግን ያናድዳል። የዘይት ፊልትሩ ቤትና የዘይት ማቀዝቀዣው በሁለቱ ረድፍ ሲሊንደሮች መካከል፣ ከአየር ማስገቢያው ሥር ተቀብረዋል። ቤቱ ፕላስቲክ ነው። በሙቀት ብዛት ይሰነጠቃል። ዘይቱ ያቺ ሸለቆ ውስጥ ይጠራቀምና በሞተሩ ጀርባ ይወርዳል። የሚንጠባጠበው ልክ ሞተሩና ካምቢዮው በሚጋጠሙበት ቦታ ነው።

መካኒኩ ከሥር አይቶ "የኋላው ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ማኅተም) ነው" ይላል። ካምቢዮ ይወርዳል፣ ፓራኦሊዮ ይቀየራል፣ ገንዘብ ይከፈላል። በሳምንቱ ያው ጠብታ። ከላይ ባትሪ አብርቶ ሸለቆው ውስጥ ማየት ይቀድም ነበር። ለዚህኛው ጂፕ ቢወቀስ አልከላከልም፤ ንድፉ ራሱ ነው ችግሩ።

የ90 ቀኑን ደረጃ እንደ መጨረሻ ፍርድ መውሰድ

ጄዲ ፓወር የተባለው የአሜሪካ የጥናት ድርጅት በየዓመቱ የሚያወጣው የመነሻ ጥራት ደረጃ የሚለካው የመጀመሪያዎቹን 90 ቀናት ነው። ስልክ ከስክሪኑ ጋር አልገናኝ ማለቱም እንደ አንድ ችግር ይቆጠራል። በ2023 በዚህ ደረጃ አንደኛ የወጣው ዶጅ ነው፤ የጂፕ የአንድ ቤት ልጅ። አሥር ዓመት ሊነዱት ለሚያስቡ መኪና ሦስት ወር ምን ይነግርዎታል?

ተፎካካሪው አይበላሽም ብሎ ማሰብ

ፎርድ ብሮንኮን በ2021 ሲመልሰው የተሠሩትን ጠንካራ ጣሪያዎች በሙሉ ሊቀይር ተገዷል። ቶዮታ በ2024 ከ100 ሺህ በላይ ተንድራና ሌክሰስ መኪኖችን ጠርቷል። ሞተሩ ሲሠራ የቀረ የብረት ፍርፋሪ ውስጡ ተገኝቶ ነበር። እና ያ ሞተር ላንድክሩዘር 300 ላይ ካለው ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው።

ይህን ሁሉ ብዬም ጂፕ ከቶዮታ እኩል ነው አልልም። በተለይ ኤሌክትሪኩ ላይ ወደኋላ ቀርቷል። በ2023 ወደ 32 ሺህ የሚጠጉ በባትሪም የሚሄዱ ራንግለሮች ባለቤቶች መኪናውን ከቤት ራቅ አድርገው እንዲያቆሙና ቻርጅ እንዳያደርጉ ተነግሯቸው ነበር፤ እሳት ተፈርቶ። ይሄ ስክሪን ቀዘቀዘ ከሚል ቅሬታ ጋር አንድ ላይ አይቆጠርም።

አንድ ባትሪ ብቻ ያለው መስሎ መታለል

ትንሽ ናት፣ ግን ብዙ ሰው ታስከፍላለች። ከ2018 ወዲህ የወጡት ብዙዎቹ ራንግለሮች ከዋናው ባትሪ ሌላ ከፊውዝ ሳጥኑ ሥር የተደበቀች ትንሽ ባትሪ አላቸው። እሷ ስትሞት ዋናውንም ይዛ ትወርዳለች። ዳሽቦርዱ እንደ ገና ዛፍ ይበራል። ሰውየው ዋናውን ብቻ ይቀይርና መብራቱ እንደገና ሲመጣ "የጂፕ ኤሌክትሪክ" ብሎ ይራገማል።