ባለ አንድ ቀለም የኪሮሽ ብርድ ልብስ ስትሠሩ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

ኪሮሽ የጀመረ ሰው «ምን ልሥራ?» ሲለኝ መልሴ ሁሌም አንድ ነው፤ ባለ አንድ ቀለም የሕፃን ብርድ ልብስ። ቀለም መቀያየር የለ፣ አበባ የለ፣ የእጅጌና የአንገት ልኬት የለ። ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ዓይን፣ ማለትም በኪሮሽ መርፌ የሚሠራ አንድ ስፌት፣ እየደጋገሙ መሄድ ነው። አራስ ሲጠየቅ ይዞ ለመሄድም ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ አላውቅም።

ግን ባለ ብዙ ቀለም ሥራ ላይ ስህተት ይደበቃል። አንድ ቀለም ላይ መደበቂያ የለም። የጠበበው፣ የሰፋው፣ የተዘለለው ሁሉ ከሩቅ ይታያል።

የዳንቴል እጅ

ብዙዎቻችን ኪሮሽ የለመድነው በዳንቴል ነው። እናቶቻችን ለሶፋው፣ ለጠረጴዛው፣ ለቴሌቪዥኑ ሲሠሩ አጠገባቸው ቁጭ ብለን። ያ ሥራ በቀጭን የጥጥ ክርና በቀጭን መርፌ ይሠራል። ክሩ ጠበቅ ተደርጎ ይሳባል። ቀጥ ብሎ መቆሙ ውበቱ ነው። ብርድ ልብስ ግን ሰውነት ላይ ልምም ማለት አለበት። በዚያው እጅ ከሠራነው እንደ ምንጣፍ ይደርቃል።

ስለዚህ ወፈር ያለ መርፌ ያዙ። ክሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት የመርፌውን ቁጥር በሚሊሜትር ይነግራችኋል። መካከለኛ ውፍረት ላለው ክር ብዙ ጊዜ 5 ወይም 5.5 ነው። እጃችሁ የሚጠብቅ ከሆነ ከተጻፈው ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ጨምሩ። ትንሽ ቁራጭ ሠርታችሁ ጣታችሁ ላይ ጣል አድርጉት። ጫፎቹ ወደ ታች ካልወረዱ ጠብቋል ማለት ነው።

ያቺ ቁራጭ ሌላም ጥቅም አላት። 10 ሳንቲሜትር ላይ ስንት ዓይን እንዳለ ቁጠሩ። 15 ከሆነ፣ 80 ሳንቲሜትር ለሚሰፋ ብርድ ልብስ 120 ዓይን ያስፈልጋችኋል። በግምት የጀመረ ሰው ግን ወይ ፎጣ የሚያህል ይወጣለታል፣ ወይ ክር አልቆበት መሃል ላይ ይቆማል።

የመጀመሪያው ሰንሰለት መጥበቅ

ሥራው ከታች ተሰብስቦ ከላይ ከሰፋ፣ ጥፋቱ መነሻው ሰንሰለት ላይ፣ ማለትም ሥራው የሚጀመርበት የተያያዘ የቀለበት ረድፍ ላይ ነው። ሰንሰለቱን ብቻ በአንድ ቁጥር በሚበልጥ መርፌ ሥሩት፤ ከዚያ ወደ ዋናው መርፌ ተመለሱ። ስትቆጥሩ መርፌው ላይ ያለው ቀለበት አይቆጠርም።

ዳር ላይ ያለውን ዓይን መርሳት

ይህ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ሥራውን የሚተውበት ስህተት ነው። እኔም የመጀመሪያዬን ብርድ ልብስ በ120 ዓይን ጀምሬ፣ ከብዙ ማታ ሥራ በኋላ አልጋ ላይ ዘረጋሁት። አንዱ ጎን ሰያፍ ሄዷል። ስቆጥረው 97 ቀርቷል። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ዳሩን በጣቷ ተከትላ ወረደች። «የኔ ልጅ፣ የመጨረሻዋን እየተውሽ እኮ ነው» አለችኝ። ተረተርኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክሩን አንዴ መርፌው ላይ ጠምጥመን የምንሠራውን ረጅሙን ዓይን እንውሰድ። ረድፍ ጨርሰን ስንዞር ሦስት ሰንሰለት እናወጣለን። እነዚያ ሦስቱ አብረው እንደ አንድ ዓይን ይቆጠራሉ። ስለዚህ ከሥራቸው ያለውን ዓይን ዘልለን ሁለተኛው ላይ እንገባለን። ሳንዘል እዚያው ከገባን በየረድፉ አንድ ይጨምራል። የረድፉ መጨረሻ ላይ ደግሞ የመጨረሻው ዓይን የሚሠራው ያለፈው ረድፍ ሦስት ሰንሰለት አናት ላይ ነው። ያ አናት ጠበብ ብሎ ወደ ጎን ስለሚያዘነብል ዓይን አይመስልም። እሱን ከዘለልነው በየረድፉ አንድ ይቀንሳል።

መፍትሔው ርካሽ ነው፤ መርፌ ቁልፍ። ሦስቱን ሰንሰለት እንደጨረሳችሁ አናቱ ላይ ሰኩት። ተመልሳችሁ ስትመጡ መርፌ ቁልፉ ያለበት ቦታ የመጨረሻ ዓይናችሁ ነው። የመጀመሪያዎቹን አምስት ረድፎች አንድም ሳትዘሉ ቁጠሩ። ከዚያ በኋላ በየአሥሩ ረድፍ ወርዱን በሜትር ለኩ።

ለመጀመሪያው ረድፍም ሒሳቡን ልንገራችሁ። 120 ዓይን ከፈለጋችሁ 122 ሰንሰለት አውጡና ከመርፌው አራተኛው ላይ ጀምሩ። የተዘለሉት ሦስቱ አንድ ዓይን ሆነው ይቆጠራሉ።

መርፌው ስንት ክር ሥር እንደሚገባም እዩ። ከላይ ሲታይ እያንዳንዱ ዓይን አናቱ ላይ ሁለት ክር አለው። በሁለቱም ሥር ግቡ። አንዴ በሁለቱ፣ አንዴ በአንዱ ብቻ የሚገባ ሰው ሥራው ላይ ያላሰበው መስመር ይወጣበታል።

ክር በቁንጥር መግዛት

ለባለ አንድ ቀለም ሥራ ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። ዳሩን ቆጥሮ ማስተካከል ይቻላል፤ ይሄን ግን አይቻልም።

ፋብሪካ ክርን በአንድ ጊዜ ሁሉንም አያቀልምም። በዙር በዙር ነው። የቀለሙ ቁጥር አንድ ሆኖ የዙሩ ቁጥር ሲለያይ ቀለሙም በጥቂቱ ይለያያል። ወረቀቱ ላይ ከቀለሙ ቁጥር አጠገብ «ሎት» የሚል ሌላ ቁጥር አለ፤ እሱ ነው። ለእህቴ ልጅ ክሬም ቀለም ብርድ ልብስ ስሠራ አምስት ልቃቂት ገዝቼ ነበር። ሲያልቅብኝ ሦስት ጨመርኩ። ሻጩ «ያው ነው ቀለሙ» አለኝ። ሱቁ አምፖል ሥር እውነትም ያው ነበር። ቤት ወስጄ ጨርሼው ጠዋት መስኮት ጋ ሳነሳው ግን፣ ከመሃል በላይ ያለው ቢጫ ቢጫ ይላል። ድንበሩ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል።

ስለዚህ አንዴ ግዙ፣ ሎቱንም በእያንዳንዱ ላይ እዩ። ቢቻል ደጅ አውጥታችሁ በፀሐይ አስተያዩት። ስንት እንደሚበቃ ለማወቅ የመጀመሪያው ልቃቂት ሲያልቅ ቁመቱን ለኩ። 13 ሳንቲሜትር ከወጣውና የምትፈልጉት 100 ከሆነ ስምንት ይበላል፤ ለዳሩ አንድ ጨምሩና ዘጠኝ። የጎደለ ካለ በማግስቱ ሂዱ፤ ሎቱ ሱቅ ውስጥ ሳያልቅ። ከአቅም በላይ ሆኖ የተለያየ ሎት ከያዛችሁ፣ ድንገት አትቀይሩት። ለአሥር አሥራ ሁለት ረድፍ ያህል ሁለት ረድፍ ከአሮጌው፣ ሁለት ረድፍ ከአዲሱ እያፈራረቃችሁ ሥሩት። የሚያይ ሰው ድንበሩን አያገኘውም።

ቋጥሮ መቁረጥ

አዲስ ክር ስትቀጥሉ ቋጥራችሁ ከሥሩ አትቁረጡ። ቋጠሮ በእጥበት ይፈታል፣ ለሕፃን ገላም ይቆረቁራል። ከሁለቱም ክር 15 ሳንቲሜትር ያህል አስቀሩ። በወፍራም መስፊያ መርፌ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ፣ በዓይኖቹ ውስጥ አሳልፋችሁ ቅበሩት። የሚቻል ከሆነ ቅጥያው ዳር ላይ ይሁን።

ዳሩን መቸኮል

ዙሪያውን ስትዘጉት ማዕዘን ላይ ሦስት ዓይን አንድ ቦታ ካልሠራችሁ ጫፉ ይታጠፋል። በጎን በኩል በረጅሙ ዓይን ለተሠራ ለእያንዳንዱ ረድፍ ሁለት አጭር ዓይን (ክሩን ቀድመን መርፌው ላይ ሳንጠመጥም የምንሠራው) ይበቃል። ሲበዛ ይንዘረፈፋል፣ ሲያንስ ይሰበሰባል።

ካውያና አልጋ

አክሪሊክ ክር ላይ የጋለ ካውያ አታሳርፉ። ክሩ ይቀልጣል፤ ባይቀልጥም ይልፈሰፈሳል፣ ተመልሶም አይነሳም። ሱፍ ከሆነ ደግሞ ሙቅ ውሃ ያኮማትረዋል።

ስጦታውን ስትሰጡ አንድ ነገር ለእናቲቱ ንገሯት። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ሲተኛ አልጋው ውስጥ ልቅ ብርድ ልብስ አይገባም፤ ፊቱ ላይ ወጥቶ ትንፋሹን ሊዘጋው ይችላል። ነቅቶ ጭን ላይ ሲሆን፣ እያዩት ሲታቀፍ ነው የሚለብሰው። የክሩንም ወረቀት አትጣሉ። በምን ዓይነት ውሃ እንደሚታጠብ እዚያ ላይ ስላለ፣ አንዱን ከብርድ ልብሱ ጋር አጥፋችሁ ስጧት።