ፍሊፐሩን ስትለቁ አርዱዪኖው ሪስታርት ለሚያደርግባችሁ

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ቤቴ ውስጥ የጣና ታንኳ የተሳለበት ፒንቦል (ቁልፍ ሲጫኑ ፍሊፐር የሚባሉ መቅዘፊያዎች ኳስ የሚመቱበት የጨዋታ ማሽን) እየሠራሁ ነው። ጨዋታው መሃል ላይ ማሽኑን የሚቆጣጠረው ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ፣ አርዱዪኖው፣ ሪስታርት ያደርግና ነጥቡ ዜሮ ይገባል። አራት ቀን በላብኝ።

ኮዱን ደጋግሜ ጻፍኩት፤ ወይ ፍንክች። ቦርዱን ቀየርኩ፤ ያው ነው። ባለ 24 ቮልቱን ፓወር ሰፕላይ በትልቅ ተካሁት፤ ምንም።

ማታ መብራት አጥፍቼ ሳየው ነገሩ ገባኝ። አርዱዪኖው የሚጠፋው የፍሊፐሩን ቁልፍ ስጫን ሳይሆን ስለቅ ነው። በሪሌዩ (የፍሊፐሩን ኤሌክትሪክ በሚያበራውና በሚያጠፋው ማብሪያ ማጥፊያ) ግልጽ ክዳን ውስጥ ሰማያዊ ብልጭታ ጭል ይላል። ኮይሉ (ፍሊፐሩን የሚያንቀሳቅሰው የሽቦ ጥቅልል) ኤሌክትሪክ ድንገት ሲቋረጥበት ከፍተኛ ቮልቴጅ ወደ ኋላ ይተፋል፤ አርዱዪኖውን የሚረብሸው እሱ ነው።

ከተበላሸ የስልክ ቻርጀር 1ኤን4007 ዳዮድ (ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ነቀልኩ። ያ ቮልቴጅ በዳዮዱ በኩል እንዲያልፍ በየኮይሉ ሁለት ጫፎች መካከል አንድ አንድ ዳዮድ በየድኩ። ነጩ መስመር ያለበት ጫፍ ወደ ፖዘቲቭ ነው፤ ከተገለበጠ ሾርት ያደርጋል፣ አደራ! ትናንት የሠፈር ልጆች ከሰዓት ሙሉ ተጫወቱበት፤ አንዴም አልጠፋም።