ፊዚካል 40፣ ፋይናንሻል 56፦ የፕሮጀክት አፈጻጸም አለካክና አዘጋገብ

«ፕሮጀክቱ በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል» የሚል ሪፖርት ወደ ፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት ሲመጣ ሳይመዘገብ ይመለስ። ስንት ሜትር ተሠራ? እስከ ዛሬ ስንት መሠራት ነበረበት? ይህን የማይመልስ ወረቀት ለማንም አይጠቅምም።

መነሻው ከውሉ ጋር የተያያዘው ቢል ኦፍ ኳንቲቲ (የሥራ ዓይነት፣ መጠንና ዋጋ ዝርዝር) ነው። ለምሳሌ ድሬዳዋ ሳቢያን ውስጥ የሚሠራ የኮብልስቶን መንገድ እንውሰድ፤ ውሉ ከቫት በፊት 24 ሚሊዮን ብር፣ ጊዜው ከጥቅምት 1 ጀምሮ 8 ወር ነው እንበል። ለእያንዳንዱ ሥራ በገንዘብ ድርሻው ክብደት ይስጡት፦ ቁፋሮና ሙሌት 25፣ የጎርፍ ማስወገጃ ቦይ 30፣ ጠርዝ ድንጋይ 10፣ ንጣፍ 35 በመቶ። ጥር መጨረሻ ላይ ቁፋሮው አልቋል፣ ቦዩ 40 በመቶ፣ ጠርዝ ድንጋዩ 30 በመቶ ደርሷል፣ ንጣፉ አልተጀመረም። 25 ሲደመር 12 ሲደመር 3፣ ፊዚካል አፈጻጸሙ (በተሠራው ሥራ የሚለካው) 40 በመቶ ይሆናል።

ቁጥሩ የሚበላሸው በግማሽ ያለቀ ሥራ ላይ ነው። አንዱ መሐንዲስ የተቆፈረውን ቦይ «ግማሹ ተሠርቷል» ይላል፣ ሌላው ምንም አይቆጥርለትም። ስለዚህ ደንቡ ሥራው ሳይጀመር ይጻፍ፤ ለአንድ ሜትር ቦይ ለምሳሌ ቁፋሮው 20፣ ግንቡ 60፣ ልስኑና ክዳኑ 20 በመቶ። ሳይት ላይ የተራገፈ ሲሚንቶና የተከመረ ድንጋይ ፊዚካል ውስጥ አይገባም፣ የቱንም ያህል ቢበዛ። ልኬቱን ተቆጣጣሪው መሐንዲስና የኮንትራክተሩ ተወካይ አብረው ወስደው ቴክ ኦፍ ሺቱ (የልኬት መመዝገቢያ ቅጹ) ላይ ይፈርሙ። ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ በየወሩ ሁለት ሦስት የሥራ ዓይነት መርጦ ሜትር ይዞ ያጣራ፤ የትኞቹ እንደሚመረጡ ግን አስቀድሞ አይነገር።

ፋይናንሻል አፈጻጸም (በወጣው ገንዘብ የሚለካው) ብቻውን ሲቀርብ ያሳስታል። ውሉ 30 በመቶ ቅድመ ክፍያ ከፈቀደ 7.2 ሚሊዮን ብር ገና ሳይቆፈር ወጥቷል። እስከ ጥር ለተሠራው 40 በመቶ፣ ማለትም ለ9.6 ሚሊዮን የክፍያ ሰርተፍኬት ሲዘጋጅ፣ 2.88 ሚሊዮን ለቅድመ ክፍያ ተመላሽ፣ በ5 በመቶ መያዣ (አሠሪው ለዋስትና የሚያቆየው) ደግሞ 0.48 ሚሊዮን ተቀንሶ 6.24 ሚሊዮን ይከፈላል። ጠቅላላ የወጣው 13.44 ሚሊዮን፣ ማለትም 56 በመቶ ነው። ይህን ብቻ ያየ ኃላፊ ሥራው ከግማሽ ያለፈ ይመስለዋል። ስለዚህ ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ይጻፉ፣ ያልተመለሰው ቅድመ ክፍያም (እዚህ 4.32 ሚሊዮን) ለብቻው ይታይ።

አሁን ከዕቅዱ ጋር ያነጻጽሩ። እስከ ጥር የታቀደው 50 በመቶ፣ ማለትም 12 ሚሊዮን ከነበረ፣ 9.6 ለ12 ሲካፈል 0.8 ይመጣል። በዚሁ ፍጥነት ከቀጠለ 8 ወር ለ0.8 ሲካፈል 10 ወር ይሆናል፤ ማለቂያው ከግንቦት ወደ ሐምሌ ይሸሻል። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ይዘጋል፣ ክረምቱም ይገባል። ከተማውን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ከደጋው በሚመጣ ውሃ ሊሞላ ይችላል፤ የ1998ቱ ጎርፍ የመጣውም ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነበር። በወንዙ ዳር ለሚሠራ ግንብ የሁለት ወር መዘግየት ከሁለት ወር በላይ ያስከፍላል። ዕቅዱም ቢሆን ለየወሩ እኩል የተከፋፈለ መሆን የለበትም፤ የበልግ ዝናብ፣ የግንቦትና የሰኔ ሙቀት፣ የእኩለ ቀን እረፍት ይታሰብበት። ከአዲስ አበባ የተቀዳ የቀን ምርታማነት ድሬዳዋ ላይ አይሠራም።

ይህ የተሠራው ለታቀደው ጥምርታ መጨረሻ አካባቢ አይታመን። ሥራው ምንም ቢዘገይ ሲያልቅ 1 ላይ መድረሱ አይቀርም፤ ሥራው 80 በመቶ ካለፈ በኋላ የቀረውን ሥራ በቀን ይቁጠሩ።

የወጪ ጥምርታ (የተሠራው ሥራ ዋጋ ለወጣው ወጪ ሲካፈል) የሚጠቅመው ያለ ኮንትራክተር በራስ ኃይል ለሚሠራ ሥራ ነው። 10 ሚሊዮን በጀት ባለው የቧንቧ ዝርጋታ 3 ሚሊዮን ለሚያወጣ ሥራ 3.75 ሚሊዮን ከወጣ ጥምርታው 0.8 ነው፤ የማጠናቀቂያ ግምቱ ወደ 12.5 ሚሊዮን ይወጣል። በነጠላ ዋጋ ውል ግን አሠሪው የሚከፍለው በተለካው ልክ ስለሆነ፣ መከታተል ያለበት የሥራ ለውጥ ትእዛዝንና የዋጋ ማስተካከያን ነው።

ኤክሴል ላይ ቀኖችን በፈረንጅ አስገብተው የኢትዮጵያውን በሌላ ዓምድ ያሳዩ፤ «30/6»ን ፕሮግራሙ በራሱ መንገድ ይተረጉመውና የቀናት ልዩነቱ ይፋለሳል። የጳጉሜን ቀናት ከነሐሴ ሪፖርት ጋር ይጠቃለሉ።

ለአመራር የሚቀርበው አንድ ገጽ ነው፦ ሁለቱ መቶኛዎች፣ ጥምርታው፣ አዲሱ የማለቂያ ቀን፣ የዘገየበት ምክንያት። የፕሮጀክቱን ሁኔታ የሚያሳየውን ቀለም ቀመሩ ይወስን፤ ጥምርታው ከ0.95 በላይ ከሆነ አረንጓዴ፣ ከ0.85 እስከ 0.95 ቢጫ፣ ከዚያ በታች ቀይ። የፕሮጀክቱ ኃላፊ ቀለሙን በቃል ማስቀየር አይችልም። ከታች የሚጠየቀው ውሳኔ ይጻፍ፤ «የወሰን ማስከበር ችግር አለ» ሳይሆን «ቦዩ መስመር ላይ ያሉት አራት የመብራት ምሰሶዎች እስከ የካቲት 15 እንዲነሱ፣ ኃላፊነቱ የእገሌ ክፍል»። በሚቀጥለው ወር ሪፖርት የመጀመሪያው መስመር የእነዚያ ምሰሶዎች ጉዳይ ይሁን።